ፒፓው ለምሁር፣ ጋያው ለግድግዳ

ባለፈው ሰሞን ቃሊቲ አካባቢ አዲስ የተከፈተ አንድ የባህል ምግብ ቤት ገብቼ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለምና። እንደ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ቤቶች ግድግዳው ላይ ያልተሰቀለ ነገር የለም። ሞሰብ አለ፣ ጋሻ አለ፣ ክሩ የተበጠሰ ክራር አለ፣ ማን እንደታረሰበት የማይታወቅ ሞፈር አለ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጋያ ተሰቅሏል። ቅሉ ቫርኒሽ ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ችግሩ፣ የተሰቀለው ተገልብጦ ነው። ሸክላው ወደ ታች፣ የቅሉ ቂጥ ወደ ላይ። ውሃ ቢኖርበት ኖሮ ከሥሩ ተቀምጠው ክትፎ በሚበሉት ሰዎች አናት ላይ ይፈስ ነበር።

ከጋያው አለፍ ብሎ ቴሌቪዥን አለ። አንድ ተከታታይ ድራማ ይታያል። ሽበታም ሰውዬ፣ ከበስተኋላው መጽሐፍ የተደረደረበት መደርደሪያ፣ በአፉ ፒፓ። ፕሮፌሰር መሆኑ ነው። ምግቤ እስኪመጣ ድረስ ሰውየውን በጥንቃቄ ተከታተልኩት። ፒፓውን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እጁ ይይዛል፤ ሲቆጣ ያወጣዋል፣ ሲያስብ ይመልሰዋል። አልሞላውም፣ አልለኮሰውም፣ አላራገፈውም። ማጨስን በስክሪን ማሳየት ተገቢ አይደለም የሚል ቢኖር አልከራከረውም፤ እኔም እንዲታይ አልፈልግም። እንግዲያውስ ፒፓውን አፉ ውስጥ ለምን ይከቱለታል?

በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ማጨሻ፣ አንዱ ተገልብጦ የተሰቀለ፣ አንዱ እሳት ያልነካው። ወገኖቼ፣ ይህችን ጽሑፍ የወለደቻት ይህች ምሳ ናት። እንደኔ እንደኔ፣ ስለ ትምባሆ የጻፍነውም፣ የተወንነውም፣ ያንጠለጠልነውም አንድ ጉድለት አለበት፤ የአጫሹን እጅ አይቶ አያውቅም። ኃጢአቱን ያያል፣ ጌጡን ያያል፣ «ባህሉን» ያያል። ሥራውን አያይም። ይህን የምለው ከሌሎች በላይ ሆኜ እንዳልሆነ ወደ በኋላ ይገለጣል፤ ከተከሳሾቹ አንዷ እኔ ነኝ።

ያደግሁት አቃቂ ነው። ከድልድዩ ወዲያ፣ የፋብሪካው ጡሩምባ ሰዓት በሚነግርበት፣ የጅቡቲው አሮጌ ባቡር ገና ሳይቋረጥ ሲያልፍ ሳህን በሚያንቀጫቅጭበት ሰፈር። ግቢያችን ስድስት ቤተሰብ የሚጋራው የቀበሌ ግቢ ነበር። በስተጥግ ካለችው ክፍል አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር፤ ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው፤ እዚህም ላይ ከዚያ ያለፈ ስም አልሰጣቸውም። አገራቸው ከቡታጅራ ወገን ነው። ባለቤታቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሊሠሩ ሲመጡ ተከትለዋቸው መጡ፤ ባለቤታቸውን እዚሁ ቀበሩ፤ እርሳቸውም እዚሁ ቀሩ።

እማማ ጋያ ያጤሱ ነበር። አላጋነንኩም፤ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ከቁርስ ቡና በኋላና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። እኛ ልጆቹ የምንጠራው ለእሳት ነው። «አንቺ ልጅ፣ ነይ ፍም አቀብዪኝ» ሲሉኝ ሮጬ የምሄደው ስለምወዳቸው ብቻ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ማየት እፈልግ ስለነበረ ነው።

ትምባሆው ከአገር ቤት በዘመድ እጅ ይመጣል። ሲመጣ ቅጠል አይደለም። ቅጠሉ እዚያው ተቀጥፎ፣ ጠውልጎ፣ በሙቀጫ ተወቅጦ፣ በእጅ ተጠፍጥፎ ደርቋል። መዳፍ የምታክል፣ ጠርዟ ያልተስተካከለ፣ ቀለሟ ከቡና ዝቃጭ የማይለይ ጥፍጥፍ ናት፤ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልላ ትመጣለች። እማማ ተቀብለው መጀመሪያ ያሸቷታል። ቀጥለው በጥፍራቸው ጠርዟን ቆንጥረው ይሰሟታል። አዎ፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ይሰሟታል። «ቀጭ» ካለች ደርቃለች ማለት ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ታድራለች። ድምፅ ካልሰጠች ደግሞ ማድ ቤት፣ ጭስ ወደሚደርስባት ቆጥ ትወጣለች። ሻጋታ ያየባት ቀን ግን ቁጣቸው አይጣል ነው፤ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ያመጣው ዘመድ ነበር።

ለአንድ ጊዜ የምትበቃውን የሚቆርሱት በእጅ አይደለም። ለዚሁ የተለየች፣ እጀታዋ በጨርቅ የተጠመጠመ ትንሽ ቢላዋ ነበረቻቸው። ሽንኩርት አትቆርጥም፣ ለማንም አትዋስም። በእርሷ ከጥፍጥፉ ጎን ሳሳ አድርገው ይልጋሉ። ለምን አይወቀጥም ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። ዱቄት ከሆነ አየር አያሳልፍም፣ ታፍኖ ይሞታል፣ አሉኝ። የተላገውን በመዳፋቸው ይዘው በሌላው አውራ ጣት ሥር ያሻሹታል፤ ጨብጠው ይለቁታል። ተጨብጦ ከቀረ እርጥብ ነው፤ እንደ አሸዋ ከፈሰሰ ደረቅ ነው፤ ተጨብጦ ቀስ እያለ ከተፍታታ፣ ያኔ ሆኗል። ይህን የምታነቡ ፈረንጅ አገር የኖራችሁ፣ ፒፓ አጫሾች የተጨመቀውን ትምባሆ በቢላዋ እየቆረሱ በመዳፋቸው ሲያሹ አይታችሁ ይሆናል። የባሕር ላይ ሰዎች ወራት ለሚፈጅ ጉዞ የሚይዙት ትምባሆ ተጨምቆ እንደ ጡብ የጠነከረ ነበር፤ ቦታ አይዝም፣ ቶሎ አይደርቅም። ጥፍጥፉም የተጠፈጠፈው በዚያው ምክንያት ነው። የእንግሊዝ መርከበኛና የቡታጅራ ገበሬ ሳይተዋወቁ አንድ መልስ ላይ ደርሰዋል።

ከዚያ ጋያዋ። ቅሏ በግማሽ ውሃ ትሞላለች። ሸክላውን ከቅሏ የሚያገናኘው መቃ ጫፉ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል፤ አፍ የሚገባው ሁለተኛው መቃ ግን ከውሃው በላይ ነው። ይህ ከተሳሳተ ጭስ ሳይሆን ውሃ ይመጣል። ስለዚህ ትምባሆ ሳይጨመር በፊት እማማ ባዶውን አንዴ ይስቡና ያዳምጣሉ። የሚንቆረቆረው ድምፅ ቀጭን ከሆነ ውሃው በዝቷል፤ ጨርሶ ከሌለ አንሷል። ልክ ሲሆን ድስት ሊፈላ ሲል የሚያሰማው ዓይነት ነው። በሸክላው ሥር ትምባሆው ወደ ውሃው እንዳይወርድ አንዲት የሸክላ ስባሪ ይጥላሉ። ከዚያ ታች ለቀቅ፣ ላይ ጠበቅ አድርገው ይሞላሉ። በመጨረሻም ፍም። ፍሙን ከእኔ የሚቀበሉት በጣታቸው ነው። አመዱን እፍ ብለው ከላዩ ያሳርፉታል። የባሕር ዛፍ ከሰል ይፈነጥቃል ብለው አይወዱም፤ የግራር ከሆነ ግን ፊታቸው ይፈታል።

ከአንባቢዎቼ መካከል ይህ ሁሉ ለምን ይነገረናል የሚል ይኖር ይሆናል። ልመልስ። ከላይ የቆጠርኳቸው ሁሉ፣ ማሽተቱም፣ መስማቱም፣ መላጉም፣ ማሻሸቱም፣ የውሃው ልክም፣ የፍሙ ምርጫም አንዱም ባነበብኳቸው የአማርኛ ልብ ወለዶች ውስጥ አላጋጠመኝም። ጋያ አጋጥሞኛል። ጋያ የሚመጣው አንድ ነገር ለማለት ነው፤ «ይህች ሴትዮ ጠንቋይ ናት»፣ «ይህ ሰው ከእኛ ወገን አይደለም»፣ ወይም «አሁን ሳቁ»። ጭሱ ቦግ ይልና ደራሲው ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል።

ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መሄድ ግን ይጠይቃል። ማጨሻው ራሱ እዚህ አገር ከትምባሆ በፊት ነበረ። በጣና ሐይቅ አካባቢ ላሊበላ ዋሻ በሚባል ሥፍራ (ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ላሊበላ ጋር አይምታታ) በቁፋሮ ከተገኙ የሸክላ ማጨሻዎች ውስጥ የቀረው ቅሪት በኬሚካል ተመርምሮ የካናቢስ ምልክት ተገኝቶበታል። ኒኮላስ ቫን ደር ሜርቭ የተባሉት ተመራማሪ ውጤቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ የሸክላዎቹ ዕድሜ ደግሞ እ.ኤ.አ. ወደ 1320 ገደማ ይደርሳል። ትምባሆ የአሜሪካ ምድር ተክል ስለሆነ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከመሄዱ በፊት በጣና ዳር ሊጨስ አይችልም። ስለዚህ ጋያ «ትምባሆ ይዞብን የመጣ ባዕድ» የሚለው ወሬ ግማሹ ተገልብጦ የተሰቀለ ነው፤ ባዕዱ ትምባሆው እንጂ ማጨሻው አይደለም።

ትምባሆው ከመጣ በኋላ ግን ከቤተ ክህነት ጋር ተጣላ። አረጋውያን ሲተርኩ የሰማሁት፣ ተክሉ የበቀለው ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ ነው የሚል ነው። አጼ ዮሐንስ 4ኛ (ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት) ትምባሆ ከልክለው እንደነበር፣ የሚያጨስ ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫውን እንዲቆረጥ ማዘዛቸው በተደጋጋሚ ተጽፏል። ለነገሩ በዚህ ብቻችንን አይደለንም፤ የኦቶማኑ ሡልጣን ሙራድ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1633 ትምባሆን በሞት ቅጣት ከልክሏል፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ 1ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1604 ትምባሆን የሚያወግዝ መጽሐፍ በገዛ እጁ ጽፏል። ልዩነቱ እነርሱ ዘንድ ክልከላው ፈጥኖ ቀረ፤ እኛ ዘንድ ሕጉ ቢቀርም ነውሩ ቀረልን። ነውሩም በሃይማኖት ብቻ አልተወሰነም፤ አገር ከፈለ። ሙስሊሙ፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ሲዳማው፣ ከዚያም ወዲያ ጋምቤላ ድረስ ያለው ወገን የሚያጨሰው ሆነና ጋያ የ«ሌላ ሰው» መታወቂያ ሆነች።

የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ያደገው በደብር ጥላ ሥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ጸሐፍት ፊደል የቆጠሩት ከየኔታ እግር ሥር ነው፤ መቃው ለእነርሱ ብዕር ነው። ያው መቃ ከጋያ ላይ ሲሰካ ማየት እንዴት እንደሚከብዳቸው እረዳለሁ። ስለ እምነታቸው አልወቅሳቸውም። ጾመኛ ሥጋ አይበላም፤ ሥጋ ቤት ምን እንደሚመስል ግን አሳምሮ ሊጽፍ ይችላል። አልቀበለውም ያለውን ነገር አላየውም ማለት ደራሲን አያምርበትም።

ፒፓው የመጣው በሌላ በር ነው። ስሙን የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው፤ ዕቃው ደግሞ ከመምህራን፣ ከዲፕሎማቶችና ከውጭ አገር ከተመለሱ ተማሪዎች ኪስ ውስጥ ወጣ። በዚሁ ዘመን መንግሥት ራሱ ትምባሆ ነጋዴ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1942 የተቋቋመውን ሞኖፖል የአዲስ አበባ ሰው እስከ ዛሬ «ትምባሆ ሞኖፖል» እያለ ለሰፈር መጥሪያ ያደርገዋል። ሲጋራ የሁሉም ሆነ። ፒፓ ግን የተማረ ሰው ምልክት ሆኖ ቀረ። ያው ትምባሆ፣ ያው ሸክላ ወይም እንጨት፣ ያው ሳንባ፤ አንዱ በአፍ ሲያዝ ፍልስፍና፣ ሌላው ሲያዝ ኋላ ቀርነት። ግድግዳ ላይ ፒፓ ሰቅሎ «ባህላዊ የምሁራን መገልገያ» ያለ ምግብ ቤት እስካሁን አላየሁም።

መድረካችን ፒፓን እንዲህ ቢያከብረውም አያውቀውም። ፒፓ ይጠፋል። ያለማቋረጥ ይጠፋል፤ ባለቤቱ ይነካካዋል፣ ይጠቀጥቀዋል፣ እንደገና ይለኩሰዋል። ለጸሐፌ ተውኔት ይህ ወርቅ ነው። መልስ መስጠት የማይፈልግ ሰው ፒፓውን ያጸዳል። ዋሽቶ የተያዘ ሰው ክብሪት ይሰበርበታል። ንግግሩ በእጁ ሥራ ይቆራረጣል፣ ዝምታው ምክንያት ያገኛል። የእኛ ፕሮፌሰር ግን ከመጋረጃ መከፈት እስከ መዘጋት ባዶ ፒፓ ነክሶ ሳይተነፍስ ሲሰብክ ያመሻል።

ኮናን ዶይል በዚህ ጉዳይ ሲቀኑበት የሚያሳምም ጸሐፊ ነው። ሸርሎክ ሆልምስ ትምባሆውን በፋርስ ነጠላ ጫማ አፍንጫ ውስጥ ያስቀምጣል። በአንደኛው ታሪክ ላይ ከቁርስ በፊት የሚያጨሰው፣ ያለፈው ቀን ፒፓዎቹ ውስጥ የተራረፈውን ቆሻሻ ትምባሆ ከምድጃው ራስጌ ጥግ ሰብስቦ አድርቆ ነው። ይህች አንዲት ዝርዝር ስለ ሰውየው ስንት ነገር ትነግረናለች! ስስቱን፣ ብቸኝነቱን፣ ለጣዕም ደንታ ቢስነቱን፣ ማለዳ ተነሥቶ ምንም ነገር የማይጠብቅ መሆኑን። ቃሉን ሳያወጣ እጁ ተናገረ። ቫን ጎግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1888 አርል ከተማ ሳለ የገዛ ወንበሩን ሲሥል ሰው አላስቀመጠበትም፤ በሣር በተጠለፈው መቀመጫ ላይ ፒፓውንና ትምባሆውን ብቻ አኖረ። ወንበሩ ተራ፣ ፒፓው ተራ። የተነሣው ሰው ግን የት ሄደ ብላችሁ ትጨነቃላችሁ።

እኔም የእማማን በርጩማ እንዲህ ማየት ስችል ያየሁት በሌላ ዓይን ነው። ጋዜጠኝነት በዲፕሎማ ስማር አንድ የባሕርይ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ሌሎቹ ታዋቂ ሰው ፍለጋ ፒያሳ ሲንከራተቱ እኔ አቃቂ ቤቴ ሄድኩ። «የአቃቂዋ ጋያ ንግሥት» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። በግራጫ ጭስ ውስጥ ጀመርኩ፤ በግራጫ ጭስ ውስጥ ጨረስኩ። የተሸበሸበ ፊት አለበት፣ የጠቆሩ ጣቶች አሉበት፣ «ዘመናት ያንቀላፉበት ዓይን» የሚል ሐረግም እንዳለበት ሳስታውስ ዛሬ ትራሴ ውስጥ መግባት ያምረኛል። መጨረሻው ላይ ስለ ጎጂ ልማድ አንድ አንቀጽ ደነቀርኩ፤ መምህሬ ይወዱታል ብዬ። ወደዱትም። በክፍል ፊት ተነበበ፣ ሳቅ ባለበት ቦታ ሁሉ ተሳቀ። ከፍተኛ ማርክ አገኘሁ።

ኮፒውን ቤት ጥዬው ኖሮ የእማማ የልጅ ልጅ አገኘውና ቁጭ ብሎ አነበበላቸው። ሳላውቅ እንደ ልማዴ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቡና አጠጡኝ። ጋያዋ ግን ከቦታዋ አልነበረችም፤ ከአልጋ ሥር ጨርቅ ለብሳ አየኋት። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ረጋ ብለው፦

«ልጄ፣ ማጤሴን ጻፍሽ፤ ይሁን፣ አጤሳለሁ። ጨርቄ መተከኑንም ጻፍሽ፤ ይሁን። ውሃውን በየጠዋቱ እንደምቀይር ግን ለምን ሳትጽፊ ቀረሽ? ቆሻሻ ሴትዮ አደረግሽኝ እኮ» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። ውሃውን ሲቀይሩ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ቅሏን በአሸዋና በሙቅ ውሃ ያንኳኳሉ፣ መቃውን በቀጭን ሽቦ ይጎረጉራሉ፣ ሸክላውን ፀሐይ ላይ ይገለብጣሉ። አሮጌውን ውሃ ደግሞ መንገድ ላይ አይደፉም፤ ጓሮ ካለው ጎመን ሥር ይረጩታል። የግቢው ጎመን ሁሉ ሲበሳ የእርሳቸው አይበሳም ነበር። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ «ዘመናት ያንቀላፉበት ዓይን» ብዬ የጻፍኩት። የማውቀውን ትቼ ከእኔ ይጠበቃል ብዬ የገመትኩትን ጻፍኩ። ሂስ የሚገባው ጽሑፍ ካለ ያ ነው፤ ሌላውን የምተቸው ከእርሱ ተነሥቼ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ እማማ በእኔ ፊት አጢሰው አያውቁም። ፍም እንዳቀብላቸውም አልጠሩኝም። በሬን እንደዘጋሁት የገባኝ ቆይቶ ነው።

እዚህ ላይ ያን የጎመን ውሃ ሳላነሣ ባልፍ ሌላ ዓይነት ውሸታም እሆናለሁ። ጎመኑ ያልተበሳው በምክንያት ነው። ኒኮቲን ተክሉ ራሱን ከተባይ የሚከላከልበት መርዝ ነው፤ ለብዙ ዘመን ገበሬዎች በተባይ ማጥፊያነት ተጠቅመውበታል። ብዙ ሰው ጋያም ሆነ ሺሻ ጭሱ በውሃ ስለሚያልፍ «ይጣራል» ብሎ ያምናል፤ እማማም ያምኑ ነበር። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠራውም። ስለሚቀዘቅዝም ወደ ውስጥ ጠልቆ ይሳባል። ከላይ የተቀመጠው ፍም በበኩሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። እማማ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሌሊት ሌሊት ሲያስላቸው በግድግዳው በኩል ይሰማን ነበር። ሐኪም አቁሙ አላቸው፤ ቀነሱ፣ አላቆሙም። ሳሉ ነው የወሰዳቸው ብዬ አልፈርድም፤ ሳሉ ግን ነበረ፤ ከጻፍኩት ውስጥም አልነበረም። ጌጥ አድርጌ የሣልኩት ጭስ ሳል አልነበረውም።

ስለዚህ ሕጉን አልቃወምም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሰው በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ሲከለክል፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው መሸጥን ሲያግድ፣ በፓኮው ገጽ 70 በመቶ ላይ የሥዕል ማስጠንቀቂያ ሲያዝ ደስ ብሎኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ብሔራዊ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ እንዲያድግ የምመኝ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ያው መንግሥት በዚያው በ2016 የሞኖፖሉን 40 በመቶ ድርሻ ለጃፓን ትምባሆ ኩባንያ በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ድርሻው ከ70 በመቶ እንዲያልፍ አድርጎ መሸጡን ሳስብ፣ «ጎጂ ልማድ» የሚለው ስም ለማን እንደሚሰጥ ይገርመኛል። ለእማማ ጋያ ሰጥቼዋለሁ፤ ለፋብሪካው ለመስጠት ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

እማማ ካረፉ በኋላ ጋያዋ የት እንደደረሰች ጠየቅሁ። ሴት ልጃቸው አማኝ ናት፤ ቤት ውስጥ እንድትቀመጥ አልፈለገችም፤ አመድ ማፍሰሻው ላይ ሰብራ ጥላታለች። አልተቆጣሁም፤ የእናቷን ሳል ከእኔ ይልቅ የሰማችው እርሷ ናት። ቢላዋዋን ግን ሰጠችኝ። ጨርቁ አሁንም እጀታው ላይ አለ፤ ሽንኩርት አልቆርጥባትም።

ከዚያ ወዲህ ይህን ለመጻፍ ብዬ ብቻ አቃቂ ገበያ ወርጄ ጥፍጥፍ ትምባሆ ፈለግሁ። ከበርበሬና ከቅመም ተርታ ወዲያ፣ ከጆንያ ላይ ጥቂት የዘረጉ አንዲት ባልቴት አገኘሁ። አንዷን አንሥቼ እንደ እማማ በጥፍሬ ቆንጥሬ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። ሴትዮዋ ሳቁ። «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እንግዲያው ይህቺን ተያት፣ ደርቃለች» ብለው ከሥር ሌላ አወጡልኝ። የምገዛው ለማጨስ እንዳልሆነ፣ ለመጻፍ እንደሆነ ስነግራቸው ግራ ተጋቡ። ገንዘቤን ግን ተቀበሉኝ።

ወደ ምግብ ቤቱ ልመለስና ልጨርስ። ሒሳብ ከከፈልኩ በኋላ አስተናጋጁን ጠርቼ ጋያው ተገልብጦ እንደተሰቀለ ነገርኩት። ትሑት ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት አይሞላውም። «ዲኮር የሠሩት ናቸው እንዲህ ያደረጉት» አለኝ። ቢያወርደው እንደማሳየው ስነግረው አለቃውን ዘወር ብሎ አየና ወንበር ላይ ወጥቶ አወረደው። ሸክላውን ይዤ ውስጡን ወደ መብራቱ አዞርኩት። አዲስ ተሠርቶ የተገዛ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ቫርኒሹ ውጭውን ብቻ ነው የቀባው፤ ውስጡ ጥቁር፣ የተጋገረ፣ ጠርዙ ላይ የሽቦ ጭረት ያለበት ነው። ከሥሩ አንዲት የሸክላ ስባሪ ቀርታለች። አሸተትኩት።

«ምንድነው እሱ?» አለኝ ልጁ፣ ስባሪዋን እያየ።

ትምባሆው ወደ ውሃው እንዳይወርድ የምትደረግ መሆኗን ነገርኩት። ከየት በኩል ውሃ እንደሚገባ፣ መቃው እስከ የት እንደሚጠልቅም አሳየሁት። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ አለቃው ሲጠራው ጋያውን ተቀብሎኝ ወንበሩ ላይ ወጣና፣ «በዚህ በኩል ነው አይደል?» አለኝ።